ጣትን የሚያነበው ጓንትና የይፋት ሌጦ

በዓል በዋለ ማግስት በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች በየአጥሩ ሥርና በየቦዩ ዳር የተጣለ ሌጦ ይታያል። ይህ ሌጦ ከጥቂት ዓመታት በፊት ገዢ ከበር ቆሞ የሚጠብቀው፣ ባለቤቱም አስቀድሞ ከቤት ወጪ ጋር የሚያስበው ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ተሸክሞ ወደ ገበያ ለማውጣት የሚደረገውን ድካም እንኳ የማይመልስ ሆኗል። በዚሁ ዘመን በባሕር ማዶ አንድ ጥንድ ጓንት በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ይህ ጓንት ከብርድ ለመዳን ወይም ለጌጥ የሚለበስ አይደለም፤ የለባሹን የእያንዳንዱን ጣት መታጠፍና መዘርጋት እየለካ ለኮምፒዩተር የሚያስታውቅ ነው። በተጣለው ሌጦና በዚህ ጓንት መካከል ያለው ርቀት የንግድ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ርቀት ነው። በተለይም በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሌጦ እየሰበሰበ ለሚያስተላልፍ ነጋዴ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጓንቱ በድንገት የተገኘ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በአሜሪካ በቺካጎ በሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት በጓንት ጣቶች ላይ ተጣጣፊ ቱቦዎችን አጋደሙ። በቱቦው አንደኛ ጫፍ ብርሃን፣ በሁለተኛው ጫፍ ደግሞ ብርሃንን የሚለካ መሣሪያ አደረጉ። ጣት ሲታጠፍ ቱቦው አብሮ ስለሚታጠፍ የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል፤ ከቀነሰውም ብርሃን የጣቱ አስተጣጠፍ ይታወቃል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ቪፒኤል የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ዳታ ግሎቭ የሚል ስም የተሰጠውን ጓንት ለገበያ አቀረበ። ሰው በዓይኑ ላይ መነጽር መሰል መሣሪያ ደፍቶ በኮምፒዩተር በተሣለ ዓለም ውስጥ እንደ ገባ ሆኖ የሚሠራበት፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ጥበብ በሰፊው የታወቀውም ከዚሁ ኩባንያ ስም ጋር ነው። ይሁን እንጂ የጓንቱ ዋጋ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ስለ ነበረ ወደ ተራው ሸማች እጅ ሊደርስ አልቻለም።

በ1989 ደግሞ ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ለኒንቴንዶ ጨዋታ የሚሆን፣ ፓወር ግሎቭ የተባለ ርካሽ ጓንት ከ100 ዶላር በማያልፍ ዋጋ አወጣ። ልጆች በብዛት ገዙት፤ ነገር ግን የጣትን እንቅስቃሴ በደኅና የሚለይ ስላልሆነ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም ነጋዴ ግልጽ ነው። ርካሽነት ብቻውን ዕቃን በገበያ አያቆመውም፤ ዕቃው የተባለለትን ሥራ መሥራት አለበት።

ዛሬ የሆላንዶቹ ማኑስና ሴንስግሎቭ፣ የአሜሪካው ሃፕትኤክስ፣ የኒውዚላንዱ ስትሬችሴንስ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ከገዢዎቻቸው መካከል ፊልም ሠሪዎች የሥዕሉ ሰው እጅ እንደ ሕያው እጅ እንዲንቀሳቀስ ይጠቀሙበታል። ባለፋብሪካዎች አዲስ ሠራተኛን አደጋ በሌለበት ቦታ ያሠለጥኑበታል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሮቦት የሚሠሩ ድርጅቶች የሰው እጅ ዕቃን እንዴት እንደሚጨብጥ ለሮቦቱ እጅ ለማስተማር ይፈልጉታል። እርግጥ ነው፤ ከ2019 ወዲህ አንዳንድ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽሮች ባዶ እጅን በካሜራቸው መከታተል ስለ ጀመሩ፣ ጓንቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገር ግን አንዱ እጅ ሌላውን ሲጋርድ፣ ወይም ጣት ከተጨበጠው ዕቃ ጀርባ ሲሸሸግ፣ ካሜራው ያላየውን ለመገመት ይገደዳል። ጓንቱ ግን ከጣቱ ጋር ስለሚሄድ አይጋረድም። ስለዚህ በትክክል መለካት ግድ በሆነበት ሥራ ሁሉ ጓንቱ ገዢ አላጣም።

አሁን የነገሩን ፍሬ መመልከት ያስፈልጋል። በጓንቱ ውስጥ ሴንሰር የሚባሉ ደቃቃ መሣሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ በታጠፉ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ማሳለፋቸው የሚቀንስ ቀጫጭን ሰቆች ናቸው። አንዳንዶቹ ሲለጠጡ ልካቸው የሚለወጥ፣ እንደ ላስቲክ ያሉ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ የእያንዳንዱን የጣት አጥንት ዝንባሌ የሚያውቁ፣ ወይም በማግኔት ኃይል የጣትን ጫፍ ስፍራ የሚለኩ ናቸው። ዓይነታቸው ምንም ይሁን ምን፣ ለካውን ነገር አስተካክለው የሚናገሩት ከጣቱ መገጣጠሚያ ላይ በልኩ ተቀምጠው ሲገኙ ብቻ ነው። ጓንቱ ሰፍቶ ቢንሸራተት የሚነበበው ቁጥር ውሸት ይሆናል፤ ጠቦ ቢያስጨንቅ እጅ ቶሎ ይደክማል። አምስቱ ጣቶች እኩል እንዳልሆኑ ሁሉ የሁለት ሰዎችም እጅ እኩል አይደለም። በዚህ ላይ የእጅ ላብ አለ፤ በየቀኑ ሺህ ጊዜ የሚታጠፍ ሽቦ መበጠስም አለ። ከዚህ የተነሣ የዚህ ረቂቅ ዕቃ አስቸጋሪው ክፍል እኩሌታው የኤሌክትሪክ ሳይሆን የስፌት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ጓንት ያልሆነ ነገር ጥሩ ጣት አንባቢ ሊሆን አይችልም።

ጓንት መስፋት ደግሞ ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ልምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው። መዳፉና የእጁ ጀርባ ከአንድ ቁራጭ ይወጣሉ፤ አውራ ጣት ለብቻው ተቆርጦ ይገባል፤ በጣቶቹም መካከል ቀጫጭን የጎን ቁራጮች ይሰፋሉ። የሠለጠነ ቆራጭ ቆዳውን አርጥቦ በጠረጴዛ ላይ ይስበዋል። የሚስበውም በጎኑ እንዲሰጥ፣ በቁመቱ ግን እንዳይረዝም አድርጎ ነው። ይህ ካልተደረገ የጓንቱ ጣት በጥቂት ቀን ውስጥ ረዝሞ ከሰውየው ጣት ያልፋል። ጣትን የሚለካ ጓንት የሚሻውም ይህንኑ ጠባይ ነው።

ለዚህ ሥራ የኢትዮጵያ የደጋ በግ ሌጦ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ፀጉራም በመሆኑና የቆዳው ጅማቶች ጥቅጥቅ ብለው በመሠራታቸው፣ ስስ ሆኖ ሳለ በቀላሉ አይቀደድም፤ ከእጅ ጋርም ይስማማል። በእንግሊዝ አገር በ1777 የተቋቋመው የጓንት ቤት ዴንትስ የዚህን ሌጦ ጓንት ይሸጣል። የዮቪሉ ፒታርድስም ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያን ሌጦ ሲገዛ ኖሮ በ2009 የኤጀርሳውን ቆዳ ፋብሪካ ያዘ፤ በአዲስ አበባም ጓንት የሚሰፉ ሠራተኞችን አሠለጠነ። በ2023 የእንግሊዙ ኩባንያ በዕዳ ምክንያት በሕግ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። ሆኖም ይህ ታሪክ አንድ ነገር አስረድቷል፤ ኢትዮጵያዊ እጅ ሥልጠና ካገኘ ለውጭ አገር ገበያ የሚበቃ ጓንት ሊሰፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ነጋዴውን እንዳያሳስቱት አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ዛሬ በዓለም የሚሸጡት አብዛኞቹ ጣት አንባቢ ጓንቶች የተሠሩት ከሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው እንጂ ከቆዳ አይደለም። የይፋት ሌጦ ነገ ተነሥቶ በዚህ ጓንት ምክንያት ይወደዳል ብሎ የሚሰብክ ሰው ቢኖር ሊታመን አይገባውም። የአዲሱ ጓንት ጥቅም ሌላ ነው፤ ዋጋው ያለው በጥሬ ዕቃው ክብደት ሳይሆን፣ እጅን አውቆ በመስፋትና በልክ በመሥራት ዘንድ መሆኑን ያሳያል። ጨርቅም ቢሆን ቆዳም ቢሆን ገንዘቡን የሚወስደው ጓንት ሠሪው ነው፤ ሌጦ ሻጩ አይደለም። የኢትዮጵያ ነጋዴ ግን እስከ ዛሬ በብዛት የቆየው ከሌጦው ጎን ነው።

ይፋት ይህን ጉዳይ በተለይ ሊያስብበት የሚገባው በአቀማመጡና በታሪኩ ምክንያት ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣርማበር ደጋ ሥር፣ ከአፋር ቆላ አፋፍ ትገኛለች። በአንድ በኩል የደጋው በግ ይወርድላታል፤ በሌላው በኩል የቆላው ፍየልና በግ ይወጣላታል። በእሑድ በሚቆመው የሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ባቲም ስሟ በዓለም የቆዳ ንግድ ውስጥ የመልካም ፍየል ሌጦ መጠሪያ ሆኗል። በጥንት ዘመንም ይፋት የመተላለፊያ አገር ነበር። ከዘይላና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በአልዩ አምባ ሳያርፍ ወደ ሸዋ አይዘልቅም ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመዋዋል የመጣውም በዚሁ በታጁራ መንገድ ነበር። እንግዲህ የይፋት ነጋዴ ዕቃን ተቀብሎ በማስተላለፍ ረገድ የማንንም ምክር አይሻም። የጎደለው ዕቃው በእጁ ሳለ ዋጋ እንዲጨምር ማድረጉ ነው።

የሌጦው ዋጋ መውደቅ ምክንያቱ ብዙ ነው። የዓለም ሸማች ወደ ሰው ሠራሽ ጨርቅና ወደ አርቲፊሻል ቆዳ ማዘንበሉ አንዱ ነው። መንግሥት ጥሬ ሌጦና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2000 ዓ.ም. የ150 በመቶ ቀረጥ በጣለ ጊዜ፣ ዓላማው ዕቃው በአገር ውስጥ ተሠርቶ እንዲወጣ ነበር። ዓላማው መልካም ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው ጥሩ ሌጦ ሳያገኝ ጥሩ ቆዳ ሊያወጣ አይችልም። የሌጦው ጉዳት የሚጀምረው ደግሞ ከፋብሪካው በር ሳይሆን ከበረቱና ከማረጃው ነው። ቅማልና የበግ መዥገር መሰል ተባዮች የሚያመጡት እከክ በሌጦው ፊት ላይ ነቁጥ ይተዋል፤ ይህም ቆዳው ከተለፋ በኋላ ጎልቶ ይወጣል። የቆላ እሾህ ይቧጭረዋል። በበዓል ቀን በየቤቱ የሚያርደው ሰው ቢላዋውን ከሥጋው ጋር ወደ ሌጦው ይሰደዋል። ከሁሉም የሚብሰው ሙቀቱ ነው። በሸዋ ሮቢት ቆላ ጧት የታረደ በግ ሌጦ ጨው ሳያገኝ ከዋለ እስከ ማታ መበስበስ ይጀምራል፤ ፀጉሩም ይነቀላል። ለፊት ጓንት የሚሆን ቆዳ ከሁሉ ይልቅ ነውር የማይችል ነው፤ በጫማ ውስጥ የሚሸሸግ ነቁጥ በስስ ጓንት ላይ አይሸሸግም።

ታዲያ የዚህ ጉዳት አንዱ ምክንያት ራሱ ንግዱ መሆኑን ነጋዴው ሊክድ አይገባም። በየገበያው ሌጦ የሚገዛው በቁጥር ነው። ቢላዋ የበሳውም ያልበሳውም፣ በጨው የተያዘውም በፀሐይ የደረቀውም ብዙ ጊዜ በአንድ ዋጋ ይገዛል። መልካም ለሠራ ብልጫ ካልተሰጠው መልካም የሚሠራ አይገኝም። የይፋት ነጋዴ ይህን ከማሾ ንግድ በሚገባ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ማሾን በደረጃ መቀበል ከጀመረ ወዲህ፣ የቀወት ገበሬና የሸዋ ሮቢት ነጋዴ ንጹሑን ከቆሻሻው፣ ደኅናውን ከተሰበረው መለየት ገንዘብ መሆኑን ተምረዋል። ለማሾ የተቻለው ለሌጦ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ሌጦ ሰብሳቢዎች በሦስት ደረጃ ለመግዛት ቢስማሙና ዋጋውን በበዓል ዋዜማ በግልጽ ቢያስታውቁ፣ ከመንግሥት ትእዛዝ ይልቅ የአራጁን ቢላዋ የሚያርመው ይህ ይሆናል። ባለሱቁም በበዓል ሰሞን ጨው በብዛት ያቅርብ፤ ከሌጦው ክብደት ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚደርስ ጨው ታርዶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቢነሰነስበት ሌጦው ይድናል። የአፍዴራ ጨው የሚወጣው ከጎረቤት ከአፋር ነውና የሚያሳጣ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው እርምጃ ጓንት ራሱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከተራው የሥራ ጓንት መጀመር ይገባል። በደብረ ብርሃንና በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኮች አሉ፤ በየከተማውም ብየዳ ቤቶችና የግንባታ ሥራዎች አሉ። ለእነዚህ ሠራተኞች የሚሆነው ጓንት በብዛት ከውጭ ይመጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ገንዘብ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን አስመጪው ሁሉ ያስታውሰዋል። ይህ ለውጥ የመጣውን ዕቃ አስወድዷል፤ ስለዚህም በአገር ውስጥ ለሚሰፋ ጓንት ቀድሞ ያልነበረ ቦታ ከፍቷል። አስመጪው ዛሬ ከሚያስመጣው ጓንት ጥቂቱን ለአንድ የአገር ውስጥ ስፌት ቤት ቢያዝ፣ ስፌት ቤቱ እጁን ያፍታታል፤ አስመጪውም ከምንዛሪ ጭንቀት በመጠኑ ያርፋል።

ሦስተኛው እርምጃ ወደ ጣት አንባቢው ጓንት ይደርሳል። ይህንንም የማይቻል አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ሉሲድግሎቭስ በሚል ስም ለማንም በነጻ የተሰጠ የአሠራር ንድፍ አለ። በዚህ ንድፍ መሠረት እንደ መታወቂያ ማንጠልጠያ ያለ ተመልሶ የሚጠቀለል ክር ከጣቱ ጫፍ ጋር ይያያዛል፤ ክሩ በተሳበ ጊዜ ተራ የሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የመሰለውን ቁልፍ ያዞራል፤ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳም ልኩን ወደ ኮምፒዩተር ታስተላልፋለች። በኩባንያ ጓንት ላይ ሺህ ዶላሮች የሚጠየቁበትን ሥራ በመቶ የማይሞላ ዶላር ለመማርና ለመሞከር ይቻላል ማለት ነው። በሸዋ ሮቢትም ሆነ በደብረ ብርሃን የቴክኒክ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ለዚህ የሚያንስ ችሎታ የላቸውም። የሚያንሳቸው ሰሌዳውና ሴንሰሩ ነው፤ ይህንን ደግሞ የሚያስመጣው ነጋዴ ነው።

ገዢውስ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። የባሕር ማዶው ገበያ ሩቅ ነው፤ በቶሎ የሚደረስበትም አይደለም። ነገር ግን በአገር ውስጥ ሌላው አገር የማይሠራው አንድ ሥራ አለ። መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን የግእዝን ፊደል በጣት ይጽፋሉ። ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ለእንግሊዝኛ ፊደል የተሠራ ጓንት ይህን ሊያነብ አይችልም፤ ኢትዮጵያዊ ካልሠራው ማንም አይሠራውም። በጎረቤት ኬንያ ሮይ አሌላ የተባለ ወጣት መሐንዲስ የምልክት ቋንቋን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ጓንት ሠርቶ ስሙ በዓለም ጋዜጦች ተነግሯል። እርግጥ የምልክት ቋንቋ በጣት ብቻ ሳይሆን በፊትና በመላ አካል የሚነገር ስለሆነ፣ ጓንት ብቻውን አስተርጓሚ አይሆንም፤ ይህንን መስማት የተሳናቸው ራሳቸው ደጋግመው አስገንዝበዋል። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር ተማክሮ፣ ፊደል ለሚማር ልጅ መለማመጃ እንዲሆን አድርጎ መጀመር ከትልቅ ተስፋ ይልቅ ትክክለኛ ሥራ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለአንድ የይፋት ባለሱቅ ብቻ ከባድ ሸክም መሆኑ የታወቀ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሌጦ ሰብሳቢው በደረጃ ይግዛ፤ ባለሱቁ ጨው ያቅርብ፤ አስመጪው ጥቂት ሰሌዳና ሴንሰር በዕቃው መካከል ጨምሮ ያምጣ፤ ላኪውም በውጭ አገር ያሉት ጓንት ቤቶች ምን ዓይነት ቆዳና ምን ዓይነት ስፌት እንደሚሹ ጠይቆ ለአገር ውስጥ ሠሪ ያስታውቅ። ከእነዚህ መካከል ማንንም የሚያከስር የለም፤ አንዱም እንኳ ብቻውን ቢፈጸም ጥቅም አለው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው በዓል የሌጦ ነጋዴውን ይፈትነዋል። በማግስቱ በየአጥሩ ሥር የሚታየው የተጣለ ሌጦ ቁጥር ቢቀንስ፣ ጨው ተነስንሶበት በጥላ የተከመረውም ቢበዛ፣ የይፋት ንግድ ጓንት ወደሚሰፋበት መንገድ የመጀመሪያውን እርምጃ ተራመደ ማለት ይቻላል። ይህ ካልሆነ ግን ዓለም በጓንቱ ጣትን ማንበብ በተማረበት ዘመን፣ የጓንቱን ቆዳ የሚያፈራው አገር ሌጦውን ለውሻ እየጣለ ይቀራል።